የንግሥተ ሳባ ሸራና ስሙ ያልተጻፈ ሠዓሊ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ነበር። ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ያችን አጭር መንገድ ጨርሶ ዋና ከተማው ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ከ1917 ወዲህ የውጭ አገር ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ የሌጋሲዮን ጸሐፊውና ጋዜጠኛው በአቃቂ በኩል እየገባ በዚያው በኩል ይመለስ ጀመር። ተመላሹም ከጓዙ ጋር የአገር ማስታወሻ ይይዛል፤ ጦርና ጋሻ፣ የብር መስቀል፣ የብራና ክታብ፣ ከእነዚህም ጋር ተጠቅልሎ በብብት ሥር የሚያዝ በቀለም የተሞላ ሸራ። ሸራው ሲዘረጋ በአራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በየክፍሉ አንድ ድርጊት ተሥሏል፤ ከድርጊቱ ጋርም አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ይገኛል። ኤውሮፓዊው ገዥ በአገሩ ጋዜጣ ላይ ከለመዳቸው ተከታታይ የሥዕል ታሪኮች፣ ማለትም ኮሚክ ከሚባሉት ጋር ቢያመሳስለው አያስደንቅም።

በዚህ ዓይነት ሸራ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመው ታሪክ የንግሥተ ሳባ ነው። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ይሣላል፤ ያነሰም አለ። አነባበቡ እንደ ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች ነው። አጀማመሩ ግን ከንግሥቲቱ ሳይሆን ከዘንዶው ነው። ዘንዶው በአገሩ ላይ ነግሦ ሕዝቡ ሲገብርለት ይታያል፤ አንድ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ይገድለዋል፤ ገዳዩ ይነግሣል፤ ሴት ልጁም ትወርሰዋለች። ቀጥሎ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ወሬ ያመጣል፣ ንግሥቲቱም ወደ ኢየሩሳሌም ትጓዛለች። ቅመም የበዛበት እራት፣ የሌሊቱ ጥም፣ የፈረሰው መሐላ፣ የቀለበቱ ስጦታ፣ የቀዳማዊ ምኒልክ መወለድ፣ አድጎም አባቱን ማየቱ፣ በመጨረሻም የታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት በየተራው ይከተላሉ።

ይህን ታሪክ ከክብረ ነገሥት ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዘንዶው በክብረ ነገሥት የለም። የመጣው በአክሱም አካባቢ በቃል ሲነገር ከኖረው ትውፊት ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ከዚያው ትውፊት የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1904 አሳትሟል። ስለዚህ ሠዓሊው የመጽሐፍ ገልባጭ አልነበረም፤ ከመጽሐፉና ከአፈ ታሪኩ መርጦ፣ ቆርጦ፣ አቀናብሮ አንድ ወጥ ታሪክ አድርጎታል። በብዙዎቹ ሸራዎች የሰሎሞን አዳራሽ የሐበሻ አዳራሽ ነው፤ መሶብ ይቀርባል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ አሽከሮች ሸማቸውን አደግድገው ይቆማሉ። ኢየሩሳሌምን ያላየ ሠዓሊ የሚያውቀውን ግብር ሣለ፤ ለሸራውም ሕይወት የሰጠው ይኸው ነው።

ታሪክን በክፍል በክፍል መሣል ለባዕድ ገዥ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ አይደለም። በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1400 አካባቢ፣ ተአምረ ማርያም በሥዕል አጊጦ ተጽፏል። በብራና መጻሕፍት ላይ የሥዕሉ መግለጫ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» በሚለው የግዕዝ ቃል ይጀምራል፤ ድርጊቱ እንዴት እንደ ተፈጸመ የሚያመለክት ነው። በሸራው ላይ አማርኛው ይህን ሥራ በሌላ መንገድ ይፈጽማል፤ «ስትሄድ»፣ «ሲቀበላት»፣ «ሲማማሉ» እያለ ዐረፍተ ነገሩን ሳይቋጭ ይተወዋል። ዓይንም ያልተቋጨውን ነገር ፍለጋ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። በሌላው ዓለም የኮሚክ ደራስያን በብዙ ድካም የሚፈልጉትን ይህን መሳቢያ የአማርኛ ሰዋስው በነጻ ሰጥቶታል።

ጨርቁም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን የተወረሰ ነው። የቤተ መቅደሱ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በአዲስ አበባ ለገበያ መሣል የጀመሩት ሠዓልያን አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያን ሥራ የሠለጠኑ ነበሩና፣ ያው ጨርቅ ግድግዳውን ትቶ በጥቅል ተሸጠ። ከእነዚህ ቀደምት ሠዓልያን ስማቸው ከሚጠራው ጥቂቶች አንዱ በላቸው ይመር (እ.ኤ.አ. 1869–1957) ናቸው። የአብዛኞቹ ስም ግን በሸራው ላይ አልተጻፈም። ቅዱስ ሥዕል የሚሥል ሰው ስሙን ለማስጠራት አይሠራምና ልማዱ ወደ ገበያውም ተከትሎ መጣ፤ ገዥውም አልጠየቀም።

ጨርቅ ከግድግዳ ሊላቀቅ መቻሉ ያስከተለውን ጉዳት ጎንደር ታውቀዋለች። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ (1667–1682) የተመሠረተውን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ። በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸው ቅጂዎች ተተኩ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን ውሎ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ ዘግቧል። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። እንግዲህ የቅጂውን ሠዓሊ ሙሉ ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የዋናው ሠዓሊ ስም ግን አብሮት አልተጓዘም።

በአገር ውስጥ የተደራጀ መሰብሰብ የተጠናከረው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመ በኋላ ነው። በቤተ መጻሕፍቱና በሙዚየሙ የሠሩት ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የቅዱሳን ሥዕሎችን በይዘትና በአሣሣል ለይተው በማጥናት የታወቁ ሲሆኑ፣ በ1983 ትልቅ መጽሐፍ አውጥተዋል። ስለ ዓለማዊው ሥዕል ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1966 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ጽፈዋል። በሙኒክ ደግሞ ግርማ ፍሥሐ ከቫልተር ራውኒግ ጋር ሆነው በ1985 የኢትዮጵያን የሕዝብ ሥዕል የሚመለከት መጽሐፍ አሳትመዋል።

ሕጉ ግን ለሸራው አልደረሰለትም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ጥበቃ የሚያደርገው ከ1850 ዓ.ም. በፊት ለተሠራው ነገር ነበር። በዚህ ሚዛን የብራናው መጽሐፍ ቅርስ ነው፤ የንግሥተ ሳባ ሸራ ግን ተራ ሸቀጥ ነበር። የሚያስገርመው፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሣዊውን ቤት ሐረግ ከዚህችው ንግሥትና ከሰሎሞን መምዘዙ ነው። መንግሥቱ የቆመበትን ታሪክ በሥዕል የሚተርከው ጨርቅ ያለ ጠያቂ በባቡርና በአውሮፕላን ወጣ። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ከወረደም በኋላ ንግሥቲቱ ከማስታወሻ ዕቃ ሱቆች አልወረደችም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተሰጠው ትርጓሜ ግን የዓመት ገደብ የለውም።

ወደ ሙዚየምና ወደ ግለሰብ ቤት የገባው ሸራ የተመደበው በታሪኩ ነው፤ ሳባ፣ ዐድዋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ግብር፣ አደን እየተባለ። ይህ አመዳደብ ለመደርደሪያ ይመቻል፤ ለታሪክ ግን ብዙ አይረዳም። በአንድ ርእስ ሥር የሠላሳ ሠዓልያን ሥራ ተደባልቆ ይቀመጣልና።

የኮሚክ ሰብሳቢዎች ልምድ እዚህ ላይ ያስተምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 በ10 ሳንቲም የተሸጠው የሱፐርማን የመጀመሪያ መጽሔት አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ ለአንድ የቲንቲን መጽሐፍ ሽፋን የሣለው ሥዕልም በ2021 ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቷል። ብዙ አሳታሚዎች ግን አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ዋናውን ሥዕል እንደ ቆሻሻ ይጥሉት ነበር። ከዋጋው ይልቅ የሚጠቅመው የካርል ባርክስ ነገር ነው። ይህ ሰው የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ለዓመታት ሲሥል በመጽሔቱ ላይ የሚታተመው የዲዝኒ ስም ብቻ ነበር። ልጆች አንባቢዎች ግን እጁን ከሌሎቹ ለይተው ዐወቁት፤ ስሙን ስለማያውቁ «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ጠይቀው፣ ደብዳቤ ጽፈው አገኙት።

የሸራው ሠዓሊም በእጁ ሊለይ ይችላል። ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉም የእርሱ ነውና ከባርክስ ይልቅ ብዙ ምልክት ትቷል። «ንግሥተ ሳባ» የሚለውና «ንግሥተ አዜብ» የሚለው፣ በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» የሚጽፈው፣ የፊደሉን እግር የሚያረዝመውና የሚያሳጥረው፣ የፈረሱን አንገትና የዓይኑን ብሌን አሣሣል የሚለዋውጠው፣ አንድ ሰው አይደለም። ይህን ለማየት ሸራዎቹን በርእስ ሳይሆን ጎን ለጎን አድርጎ ክፍል በክፍል ማስተያየት ያስፈልጋል። የገዥዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የወረሱትን ሸራ ወደ ጨረታ በሚያወጡበት በዚህ ጊዜ፣ የተገዛበት ዓመትና ቦታ የተጻፈበት ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ከሸራው ተለይቶ ከጠፋ የሚተካው የለም።

በሠዓሊው በራሱ አንደበት የተጀመረ ሥራ ግን አለ። ከጎጃም፣ ከቢቸና የመጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠልጥነው በአዲስ አበባ ለገበያ ሲሥሉ ከኖሩት አንዱ ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሬይመንድ ሲልቨርማን ሕይወታቸውንና ሥራቸውን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመው፤ ሥዕሎቻቸውም በሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። የመጽሐፉ ርእስ ሳባን ወይም ዐድዋን የሚጠራ አይደለም፤ የቄሱን ስም የያዘ ነው።