የካርቦን ታክስ፦ ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

የካርቦን ታክስ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ በሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ልክ የሚጣል ታክስ ነው። ስሌቱ በቶን ስለሆነ ብዙ የሚበክል ብዙ ይከፍላል። አንዳንዶች “የካርቦን ግብር” ይሉታል፤ ሆኖም በእኛ አነጋገር ግብር የሚባለው በአብዛኛው ከገቢ ላይ በቀጥታ የሚከፈለው ነው። እንደ ተጨማሪ እሴት ታክስና ኤክሳይዝ ታክስ በዋጋ ውስጥ ገብቶ የሚሰበሰበውን ታክስ ማለት ስለለመድን ይኸኛውም ከእነሱ ጎራ ቢመደብ ይሻላል። ልዩነቱ ለክርክሩም ይጠቅማል። የገቢ ግብር ከፋዩ ከወዲሁ ይታወቃል፤ በዋጋ ውስጥ የገባ ታክስ ግን ከፋብሪካው ወጥቶ በነጋዴው በኩል አልፎ መጨረሻ ማን ጋ እንደሚደርስ መከታተል ያስፈልጋል። በድሃ አገሮች የሚነሳው ዋናው ሙግትም ይኸው ነው።

ከአፍሪካ ቀድማ የሞከረችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል የምታመነጨው ይህች አገር ታክሱን ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2019 ሲሆን፣ በሕጉ የተቀመጠው መነሻ መጠን በቶን 120 ራንድ ነበር። ለሁሉም ከሚሰጠው 60 በመቶ ቅናሽ ሌላ እንደ ዘርፉ ተጨማሪ ቅናሾች ስለነበሩና ጠቅላላው እስከ 95 በመቶ ሊደርስ ይችል ስለነበር፣ ከፋዩ በተግባር የሚያወጣው በቶን ከ6 እስከ 48 ራንድ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ የኤሌክትሪክ ዋጋ በታክሱ ምክንያት እንዳይጨምርም ተደርጓል። ስለዚህ “የካርቦን ታክስ የደቡብ አፍሪካን ኢኮኖሚ ጎዳ” ወይም “አዳነ” የሚል ሁሉ የሚናገረው ገና በቅጡ ስላልተፈተነ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ያለውን መጠን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ድሃውን ይጎዳል የሚለው ስጋት በሀብታም አገሮች ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው። እዚያ ድሃውም ቤቱን በጋዝ ያሞቃል፣ መኪና ይነዳል። በድሃ አገር ግን አብዛኛው ድሃ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ያበስላል፤ መኪናና ማቀዝቀዣ ያለው ሻል ያለ ገቢ ያለው ነው። 87 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች የተመለከተና በ2019 የታተመ ጥናትም በድሃዎቹ አገሮች ሸክሙ ከገቢ አንጻር ሲታይ በሀብታሙ ላይ እንደሚከብድ አሳይቷል። በዚያ ላይ ነዳጅ በጥቂት ወደቦች፣ ማጣሪያዎችና ማዕድን ማውጫዎች ስለሚያልፍ ለመቆጣጠር ይቀላል። ብዙው ነጋዴ ያለ ደረሰኝ በሚሸጥበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ይህ መልስ ግን ለትራንስፖርት አይሠራም። አፓርታይድ ጥቁሮችን ከከተማ ዳር ስላሰፈራቸው፣ የደቡብ አፍሪካ ድሃ ሥራ ቦታው ለመድረስ በሚኒባስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በ2019 በሊትር ቤንዚን ላይ የተጨመረው 9 ሳንቲም ትንሽ ቢሆንም በየጊዜው ሲያድግ የሚያርፈው በዚሁ ሰው ላይ ነው። ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውኃ ለምታመነጨው ኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። እዚህ ቢጣል ዋነኛው ተጠቂ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሰው የከባድ መኪና ናፍጣ ነው፤ ያ ደግሞ የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ ነው። ነጭ ጋዝና ቡታጋዝም ከተወደዱ ቤተሰቡ ወደ ከሰል ይመለሳል፣ ደኑም ይመነጠራል። ስለዚህ ታክሱ ከድንጋይ ከሰልና ከትላልቅ ፋብሪካዎች ቢጀምርና የድሃው ማብሰያ ነዳጅ ቢቀርለት እመርጣለሁ።

“ችግሩን ያመጡት ሀብታም አገሮች ናቸው፣ እኛ ለምን እንከፍላለን?” የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ ዕዳው የእነሱ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እንደ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ባሉ ገቢ ዕቃዎች ላይ ከ2026 ጀምሮ የካርቦን ክፍያ ሲጥል፣ በላኪው አገር የተከፈለውን ይቀንሳል። ስለዚህ ለደቡብ አፍሪካ ብረት ላኪ ምርጫው ገንዘቡን ለፕሪቶሪያ ወይም ለአውሮፓ መክፈል ነው። ዕዳቸውን መጠየቅ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ራስ ግምጃ ቤት ሊገባ የሚችለውን ለእነሱ መተው ግን ፍትሕን አያስገኝም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተሰበሰበው ገንዘብ መድረሻ ነው። ሕንድ በ2010 በአንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ላይ 50 ሩፒ ጣለች፤ በ2016 ክፍያው 400 ደረሰ። ለንጹሕ ኃይል ልማት ተብሎ የተጀመረው ይህ ገቢ ግን በ2017 የታክስ ሥርዓቱ ሲለወጥ የክፍለ ግዛቶችን የገቢ ጉድለት ወደማካካስ ዞረ። በደቡብ አፍሪካም ገንዘቡ ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ ጋር ይቀላቀላል። የገንዘብ ሚኒስቴሮች ይህን የሚመርጡበት ምክንያት ይገባኛል፤ በጀት በየዓላማው ከታሰረ እጃቸው ይጠብባል። ሆኖም የአገሪቱ የድንጋይ ከሰል በሚወጣባት በምፑማላንጋ ማዕድን ማውጫው ሲዘጋበት ሥራ የሚያጣው ቆፋሪ ከታክሱ ምን እንደደረሰው በስሙ ማየት ካልቻለ፣ ታክሱን እንዲደግፍ የሚጠይቀው ሰው የሚያሳየው ነገር የለውም።