በሰነዱ ውስጥ የሌሉት፦ የደረሳው ረዳቶች በወሎ

የወሎ የእስልምና ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በብዛት የሚወሳው የሸኹ ስም፣ የተመሰገኑበት የዕውቀት ዘርፍና ኢጃዛ የተቀበሉበት ሰነድ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከሰነዱ ውጭ የቀሩትን፣ ጀማሪውን ያስጠኑትንና ደረሳውን ያኖሩትን ነው።

ከላሊበላና ከላስታ ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ የጁ ይገኛል። በየጁ የምትገኘው ዳና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸኽ አሕመድ ኢብን አደም አማካይነት ስመ ጥር የትምህርት ማእከል ሆናለች። እንዲህ ባሉ ማእከሎች ቁርኣን የጨረሰ ደረሳ ወደ ፊቅህ፣ ወደ ነሕውና ወደ ሌሎች ዘርፎች ይሸጋገራል፤ አንዱን ኪታብ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ሸኽ ለመቅራት አገር ለአገር ይዞራል። ሸኹ ጀማሪውን ሁሉ ሊያዳርሱ ስለማይችሉ፣ ቀድሞ የገባው ደረሳ አዲሱን ያቀራዋል። እህሉን የአካባቢው ሕዝብ ያዋጣል፤ ደረሳውም ለሸኹ በጉልበቱ ያገለግላል። በላስታ ደብሮችም የቆሎ ተማሪው በሕዝቡ ምጽዋት እየኖረ፣ ታናሹ ከታላቁ እየተማረ ዘልቋል።

ይኸው ሥራ በሌላው የእስልምና ዓለም የታወቀ ማዕረግ ነበረው። በመካከለኛው ዘመን መድረሳዎች ሙደሪሱ የሰጠውን ትምህርት ለተማሪዎች የሚደግመው «ሙዒድ» ከወቅፍ ገቢ ይከፈለው ነበር። ዛሬም በግብፅ ዩኒቨርሲቲዎች ጀማሪ ረዳት መምህር በዚሁ ስም ይጠራል። በአል-አዝሀር ደግሞ ከእኛ አካባቢ የሄዱ ተማሪዎች የሚያድሩበት ሪዋቅ አል-ጀበርት ነበር። የዚህ ሪዋቅ ሹመት በታሪክ ጸሐፊው በዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) አባቶች እጅ ሲወራረስ ኖሯል፤ ይህን የምናውቀውም እርሱ ስለ ዘሩ ስለ ጻፈ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። በካይሮ ሹመትና ወቅፍ ስለነበረ መዝገብ ተረፈ። በወሎ ግን ሥራው በአደራና በአጅር ተስፋ የሚፈጸም ስለነበር የሠሪው ስም በወረቀት አልሰፈረም። የማስረጃው ዝምታ የሥራው ማነስ ምልክት አይደለም።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ይኸው አገልግሎት በየክፍሉ ተደልድሎ መጣ፦ ማስጠናቱ ለረዳት ምሩቅ፣ መኝታውና ምግቡ ለተማሪዎች አገልግሎት ተሰጠ። የተማሪው ወጪም ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ይመዘገባል። መዝገቡ መልካም ነው። ሆኖም በዳና መንገድ የቀራ ሰው አስጠኚውንና አብሮት የሚያድረውን ወንድሙን ለይቶ አያውቅም ነበር፤ አንድ ሰው ነበሩና።

ስለዚህ ተመራማሪው አንድን ሽማግሌ ደረሳ ሲያነጋግር «ከማን ቀራህ?» ብሎ ብቻ እንዳያበቃ እናሳስባለን። «ሸኹ ዘንድ ከመድረስህ በፊት ማን አስጠናህ? ማንስ አበላህ?» ብሎ ይጠይቅ። እነዚህ ስሞች ያሉት በሕያዋን ትውስታ ውስጥ ብቻ ነው።