ሥራ አጥ

«ሥራ አጥ» ሲባል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ይመስለናል። በስታቲስቲክስ ግን ሦስት መመዘኛ አለው፦ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የማይሠራ፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ እንደደነገገው፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው «በሥራ ላይ» ይባላል።

ወልቂጤ ላይ እንሰት ፍቃ፣ ቆጮና ቡላ ለይታ ገበያ የምታወጣ ሴት በሥራ ላይ ናት። ያንኑ ቆጮ ለቤተሰቧ ብቻ የምታዘጋጀው ጎረቤቷ ግን አይደለችም፤ ሥራ ካልፈለገች ደግሞ ሥራ አጥም አትባልም። ቡታጅራ ላይ ዲግሪ ይዛ፣ ማስታወቂያ ማንበብ ሰልችቷት ቤት የቀረች ወጣትም እንዲሁ ከሁለቱም መዝገብ ትወጣለች፤ «ከሠራተኛው ኃይል ውጪ» ትባላለች። ተስፋ የቆረጡ ሲበዙ የሥራ አጥነት ምጣኔ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሴቶችን ሥራ አጥነት በአንድ ቁጥር መንገር አይበቃም። በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃ፣ በጋብቻ ሁኔታና በአካል ጉዳት ተለይቶ ይነገር፤ ከሠራተኛው ኃይል ውጪ ያሉትም አብረው ይቆጠሩ። ያልተቆጠረች ሴት በጀት ሲያዝም ትረሳለች።