«ሥጋ» በጳውሎስ መልእክታት

ሐዋርያው ጳውሎስ «የሥጋ ሥራ» ሲል ብዙ አንባቢ የሚታየው ዝሙትና ስካር ብቻ ነው። በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 ግን ጥል፣ አድመኝነትና ምቀኝነትም ከእነዚሁ ጋር ተቆጥረዋል፤ ምቀኝነት ደግሞ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ይወጣል? ምዕራፍ 3 ላይማ የገላትያን ሰዎች በመንፈስ ጀምረው በሥጋ ሊጨርሱ ነው ብሎ የሚወቅሳቸው በግዝረትና በሕግ ሥራ ስለታመኑ እንጂ ሆዳቸውን ስለወደዱ አይደለም። እንግዲህ ሥጋ በጸጋ ፈንታ በራሱ የሚመካ ሰው ሁለንተናው ነው፤ ጸሎተኛ መስሎም ይቀርባል።

«ታዲያ ሥጋውን እየጎሰመ እንደሚያስገዛ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ለምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የግሪኩ ቃል እዚያ ሶማ፣ በገላትያ ደግሞ ሳርክስ ነው፤ በተለመደው የአማርኛ ትርጉም ሁለቱም «ሥጋ» ሆነዋል። ሶማን ጳውሎስ በዚያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ይለዋል።