ሲሶና ሁለት እጅ፦ የቢቸናና የሞጣ አገር ስሞች

በሞጣ ዙሪያ ያለው ወረዳ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው። ስሞቹን አጎራብቶ ላነበበ ነገሩ ሒሳብ ነው፤ እነሴ የተባለ አንድ አገር ለሦስት ተከፍሎ ሲሶው ከጎንቻ፣ ሁለቱ እጅ ከሞጣ ወገን ሆኗል። እጅና ሲሶ ገበሬ አዝመራ የሚካፈልበት ቋንቋ እንጂ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ አይደለም፤ ዛሬ ግን የመንግሥት ደብዳቤ የሚወጣው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ የመንግሥት ስያሜ የአገሬውን ስም ያጠፋል የሚለው የተለመደ ክስ በምሥራቅ ጎጃም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ከላይ፣ በወረዳው ደረጃ፣ መንግሥት የኖረው የአገሬውን ስም እየተዋሰ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ከታች፣ በማሳው ስም ላይ ነው።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ደለደለ። በዚያ ሥርዓት ቢቸናና ሞጣ የሁለት አውራጃዎች ስም ሆኑ፤ እነማይና እናርጅ እናውጋ በቢቸና፣ እነሴና እነብሴ በሞጣ ሥር ታቀፉ። የአውራጃው ስም ቀላል ነገር አልነበረም። አርበኛው በላይ ዘለቀ ከድል በኋላ የተሰጠው የቢቸና ገዥነት ነበር፤ ከውለታው አንሶበት መቀየሙና በ1937 ዓ.ም. መሰቀሉም የታወቀ ነው። ይህን ያህል የከበደው ስም ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1980 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም የሚባል የአስተዳደር አካባቢ መጣ፣ ከደርግ በኋላም ዞን ተባለ፤ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ። እነማይ፣ እነሴና እነብሴ ግን ሁሉንም አሳልፈው አሉ። አገሩን ሲጠይቁት «የእነማይ ሰው ነኝ» ወይም በደፈናው «ጎጃሜ ነኝ» የሚል ብዙ ነው፤ «ምሥራቅ ጎጃሜ ነኝ» የሚል ግን አይሰማም። ከኮምፓስ የተቀዳ ስም ሰው አይጠራበትም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ነባር የሚባለው ስምስ የቱ ነው? ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች፤ ስሟን የለወጡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የአገሩ ተወላጅ ናቸው። መርጡለ ማርያምና ደብረ ወርቅ የካህናት ግእዝ ናቸው። ባሶ ሊበን ውስጥ ያለው ሊበን ከዓባይ ማዶም የሚታወቅ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የመጀመሪያውን ስም ፍለጋ የወጣ ሰው ማቆሚያ አያገኝም። እኔ የምለካው ግን በዕድሜ አይደለም፤ ስሙ ለሚጠሩበት ሰዎች ምን ይሠራላቸው እንደነበር በመጠየቅ ነው።

በማሳ ደረጃ ደግሞ ስም ትልቅ ሥራ ነበረው። በጎጃም የርስት ሥርዓት ባለርስት ነኝ ማለት ከአቅኚው አባት እስከ ራስ ድረስ ዘር መቁጠር ማለት ነበር፤ መሬቱም ብዙ ጊዜ በዚያው አባት ስም ይጠራ ነበር። አላን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር በዝርዝር ያሳያል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሏት የሞጣ ጊዮርጊስም መሬት የተሸጠበትንና የተወረሰበትን መዝገብ ይዛ ኖራለች። የማሳውን ስም ማወቅ እንግዲህ ማስረጃ መያዝ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና በአመፅ የተነሡት ክፍያው ስለከበዳቸው ብቻ አይደለም፤ ገማቹን ገበሬው ያየው እንደ መሬት ለኪ፣ ልኬታውንም እንደ ርስት ነጠቃ መጀመሪያ ነበር። በአባት ስም የሚታወቅ መሬት በሄክታር ከታወቀ የዘር ቆጠራው ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታውም በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ርስት ቀረ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር የሚይዝ የገበሬ ማኅበር ተተካ፣ ከዚያ ቀበሌ መጣ።

ከማሳው ስም ይልቅ የይዞታ መለያ ቁጥር ይሻላል የሚሉ ሰዎች መልስ አላቸው። የአቅኚ አባት ስም ለዘር ቆጣሪው እንጂ ለሙስሊሙ ነጋዴ፣ ለሸማኔው፣ ለቀጥቃጩ ርስት አልሰጠም። የክልሉ የይዞታ ደብተር ግን ባልንም ሚስትንም ይመዘግባል፤ መለያ ቁጥር አያት አይጠይቅም። ይህን መካድ አይቻልም፣ ወደ ርስት እንመለስ ማለትም ሞኝነት ነው። ቁጥሩ ባለመብቱን ይለይ፤ ቦታውን ለመጥራት ግን አቅም የለውም። ለዚህ ምስክሩ መንግሥት ራሱ ነው። የፖሊስ ክስም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወረዳውንና ቀበሌውን ከጠቀሰ በኋላ «ልዩ ቦታው እገሌ ተብሎ በሚጠራው» ይላል፤ የተጠራውን ስም የሚያውቁት ደግሞ ምስክሮቹ ናቸው። የማሳው ስም በመንግሥት ጽሑፍ ውስጥ የሚገባው ሰው ሲጣላ ወይም ሲሞት ነው ማለት ይቻላል። በደብተሩ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ ለዚሁ ስም አንድ መስመር መጨመር ምንም አይከብድም፤ አዋሳኝ የተጣላ ቀን ሽማግሌ ፍለጋ ከመሄድም ያድናል።