ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስድ

ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስድ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የሆነው ሙዲ ብሉዝ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 ያወጣው አልበም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ዘፈኖቹ ከንጋት እስከ ሌሊት ያለውን የአንድ ቀን ውሎ ተራ በተራ ይከተላሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ኦርኬስትራ ይገባል። እንዲህ ሁሉም ዘፈኖች በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሠሩበት አልበም ባለ አንድ ጭብጥ አልበም ይባላል። ሥራው ሮክንና ኦርኬስትራን ካዋሐዱ ቀደምት አልበሞች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ባንዱና ኦርኬስትራው ለዚህ ቀረጻ አብረው አልተጫወቱም፤ የተገናኙት በቴፕ ላይ ነው።

መነሻ

ሙዲ ብሉዝ በ1964 በበርሚንግሃም ከተማ ተመሠረተ። «ጎ ናው» በተባለው ዘፈን ቶሎ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተመሳሳይ ስኬት አላገኘም። በ1966 ዘፋኙ ዴኒ ሌይን ባንዱን ለቀቀ፤ ጀስቲን ሄይዋርድና ጆን ሎጅም ገቡ። ነባሮቹ ማይክ ፒንደር፣ ሬይ ቶማስና ግሬም ኤጅ ነበሩ። አዲሱ ስብስብ የሌሎችን የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈኖች መጫወቱን ትቶ የራሱን መድረስ ጀመረ።

ስለ አልበሙ አጀማመር በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ባንዱ የዴካ ሙዚቃ ኩባንያ ዕዳ ነበረበት። ኩባንያው አዲሱን የስቴሪዮ አሠራሩን ለማስተዋወቅ የድቮርዣክን 9ኛ ሲምፎኒ በሮክ እንዲጫወቱለት ጠየቃቸው፤ እነሱ ግን በምስጢር የራሳቸውን ሥራ ቀረጹ። የባንዱ አባላት ይህን ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። የቀረጻው መሐንዲስ ዴሪክ ቫርናልስ ግን የድቮርዣክን ዕቅድ በተመለከተ ታሪኩን አልተቀበለውም። የማያከራክረው ነገር አልበሙ የዴካ ቅርንጫፍ በሆነው በዴራም ስም መውጣቱና ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ሂዩ ሜንድል ሥራውን መደገፉ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ የፖፕ ሙዚቃ በስቴሪዮ ሲዘጋጅ ድምፆቹ ወይ በግራ ወይ በቀኝ ተለይተው ይቀመጡ ነበር። የዴራም አሠራር ግን ድምፆቹን በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መካከል ለመዘርጋት ያለመ ነበር። ኦርኬስትራ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሜሎትሮን

በአልበሙ ውስጥ የቫዮሊን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ኦርኬስትራ ነው ማለት አይደለም። በዘፈኖቹ ውስጥ ያለው አብዛኛው የፒንደር ሜሎትሮን ነው። ሜሎትሮን ፒያኖ የሚመስል መሣሪያ ሲሆን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ የተቀረጸበት ቁራጭ ቴፕ አለው። ቁልፉ ሲጫን ቴፑ መሽከርከር ይጀምራል፤ 8 ሰከንድ ገደማ ከተጫወተ በኋላ ያልቃል፤ ቁልፉ ሲለቀቅም ወደ መነሻው ይመለሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድን ድምፅ እንደፈለገ ማርዘም አይችልም። ከዛሬዎቹ ሳምፕለሮች ጋር ሲነጻጸር ሐሳቡ አንድ ነው፤ የሚለየው ማኅደረ ትውስታው ነው። ፒንደር ቀደም ሲል መሣሪያውን በሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ስለሠራ ውስጡን ያውቀዋል። እንደ ባቡር ፉጨትና የዶሮ ጩኸት ያሉትን ቴፖች አውጥቶ በምትካቸው የቫዮሊኖቹን ቴፖች ደርቦ ገጠመበት።

ቀረጻ

ቀረጻው የተካሄደው በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ዌስት ሃምፕስቴድ በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ክላርክ ነበር። የቴፕ መቅጃው አራት ትራክ ብቻ ስለነበረው፣ ትራኮቹ ሲሞሉ የተቀረጸውን ቀላቅሎ ወደ ሌላ ቴፕ በማዛወር ለአዲስ ድምፅ ቦታ መክፈት ያስፈልግ ነበር። በእያንዳንዱ ግልበጣ የቴፑ ሹክሹክታ ይጨምራል፤ አንዴ የተቀላቀለውን ደግሞ መልሶ መለየት አይቻልም።

ባንዱ በመጀመሪያ ዘፈኖቹን ጨረሰ። አቀናባሪው ፒተር ናይት እነሱን እያዳመጠ ከዜማዎቻቸው በመነሳት መሸጋገሪያ ሙዚቃዎችን ጻፈ፤ ኦርኬስትራውንም ራሱ መራ። በሽፋኑ ላይ «የለንደን ፌስቲቫል ኦርኬስትራ» የተባለው ለዚህ ሥራ ከተሰባሰቡ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች የተዋቀረ ነው። በመጨረሻም የሁለቱ ወገኖች ቴፖች አንዱ ሲደክም ሌላው እየጎላ ተያያዙ። ይህ የማያያዝ ሥራ የአልበሙን ያህል ሊታይ የሚገባው ነው፤ ያለ እሱ የሚቀረው ሰባት የፖፕ ዘፈን ገደማና ከፊልም የወጣ የሚመስል ማጀቢያ ነበር። የመክፈቻውና የመዝጊያው ግጥሞች የድራም ተጫዋቹ የግሬም ኤጅ ሲሆኑ የሚያነባቸው ፒንደር ነው።

አቀባበል

አልበሙ በብሪታኒያ ሠንጠረዥ ከ27ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። ሄይዋርድ ገና በ19 ዓመቱ የደረሰው የሌሊቱ ዘፈን «ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን» በዚያው ወቅት 19ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ለውጡ የመጣው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1972 ዘፈኑ በአሜሪካ በድጋሚ ወጥቶ በቢልቦርድ 2ኛ ሲሆን፣ አልበሙም 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የመጀመሪያው ቅልቅል

የ1967ቱ የስቴሪዮ ዋና ቴፕ ከጊዜ በኋላ ስለተበላሸ በ1978 አልበሙ እንደገና ተቀላቀለ። በመሸጋገሪያዎቹ ላይ ልዩነት አለ፤ ለረጅም ጊዜ በሲዲ የተሸጠውም ይኸው ሁለተኛው ቅልቅል ነበር። አልበሙ 50 ዓመት ሲሞላው በ2017 በወጣው ልዩ እትም የ1967ቱ ቅልቅል ተመልሶ ገባ።