ሦስቱ ቦታ ለማን ይሰጥ? የማራቶን ቡድናችን አመራረጥ ከሮም እስከ ፓሪስ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። አዲስ አበባ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ስትል፣ ሮም ላይ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። አበበ ቢቂላ በዓለም ክብረ ወሰን የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ከዚያ ቀን በፊት ከአገሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

በሰፊው የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ሮም መሄድ የነበረበት በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ በጤና ምክንያት ቀረ፣ አበበ በእሱ ቦታ ገባ፣ ታሪክ ተሠራ። ይህን ትረካ ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። በአባባልም ደረጃ «የእንጀራ ነገር» ተብሎ ይነሣል።

ትረካው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አስመዝግቦ ነበር። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይፈጥናል። ያውም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የተሮጠ ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ሰዓት በእጁ ይዞ ነው የሄደው። ሌላኛው ተመራጭ አበበ ዋቅጅራም ሮም ላይ 7ኛ ወጥቷል። እንግዲህ አበበ በዋሚ ቦታ ገባም አልገባ፣ በዕጣ የተገኘ ሰው አልነበረም። ተለክቶ፣ ተፈትኖ፣ ተዘጋጅቶ የቆመ ሰው ነበር።

ከ64 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ በሌላ ስም ተደገመ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ታምራት በመጀመሪያው የሦስት ሰው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ቦታው ለታምራት ተሰጠ። ወዲያውም ማኅበራዊ ሚዲያው «እንጀራ ነው» አለ።

እውነት እንጀራ ነው? ታምራት በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከፓሪስ ዘጠኝ ወር በፊት ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን፣ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸንፏል። ኒው ዮርክ ድልድይና ዳገት የበዛበት፣ አሯሯጭ የሌለበት ውድድር ነው። የፓሪስ መንገድም ከ430 ሜትር በላይ ዳገት ያለበት፣ ለኦሊምፒክ ከተዘጋጁት ሁሉ እጅግ ከባድ የተባለ ነበር። ስለዚህ የሚያስገርመው ታምራት ማሸነፉ አይደለም። የሚያስገርመው መጀመሪያ ከሦስቱ ውጭ መሆኑ ነው።

ይህ ጥያቄ ማንንም ለመውቀስ የሚነሣ አይደለም። ኢትዮጵያ ለኦሊምፒክ ማራቶን ማሰለፍ የምትችለው በየጾታው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ለሦስት ቦታ ደግሞ ሌላ አገር ቢሆኑ ያለ ተቀናቃኝ የሚመረጡ አሥርና አሥራ አምስት ሯጮች አሏት። ማንንም ብትመርጥ የሚያዝን አለ። ጥያቄው «ማን ተመረጠ?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ተመረጠ?» የሚለው ነው። ላለፉት ዓመታት ሁሉም መንገድ ተሞክሯል።

በሰዓት መምረጥ

ለለንደን ኦሊምፒክ (2004 ዓ.ም.) መለኪያው በዋናነት ፈጣን ሰዓት ነበር። በወንዶች አየለ አብሽሮ ዱባይ ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጦ ነበር። ዲኖ ሰፊርና ጌቱ ፈለቀም እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበራቸው። በወረቀት ላይ የሚያስፈራ ቡድን ነው። ለንደን ላይ ግን ሦስቱም አቋረጡ። ወርቁን የወሰደው ኡጋንዳዊው ስቴፈን ኪፕሮቲች ነው፤ የዚያን ጊዜ ምርጥ ሰዓቱ ከሦስቱ ኢትዮጵያውያን ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ያህል የዘገየ ነበር።

«በሰዓት መምረጥ አይሠራም» ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በዚያው ኦሊምፒክ ቲኪ ገላና በሮተርዳም ባስመዘገበችው 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ተመርጣ፣ በዝናብ መካከል ሮጣ የሴቶቹን ወርቅ አምጥታለች። አንድ ዓይነት መለኪያ በአንድ ሳምንት ልዩነት አንዱን ቡድን ባዶ እጁን መለሰው፣ ሌላውን አነገሠው።

በውሳኔ መምረጥ

ለሪዮ (2008 ዓ.ም.) ቀነኒሳ በቀለ ከማራቶን ቡድኑ ውጭ ሆነ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ 3ኛ ወጥቶ ስለነበር ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ። የተመረጡት ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ ነበሩ። ፈይሳ የብር ሜዳሊያ አመጣ፤ ለሚ 13ኛ ሆነ፤ ተስፋዬ አቋረጠ። ከሪዮ አንድ ወር ገደማ በኋላ ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ሮጠ። መራጮቹ ተሳስተው ነበር? የብር ሜዳሊያው አልተሳሳቱም ይላል። የበርሊኑ ሰዓት ተሳስተዋል ይላል። ሁለቱም ማስረጃ ነው፣ ሁለቱም ከውሳኔው በኋላ የመጣ ነው።

በማጣሪያ መምረጥ

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ክርክሩን የሚዘጋ የሚመስል መንገድ ተመረጠ፦ ማጣሪያ። ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ውድድር ተደረገ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ቦታውን አገኙ። ቀነኒሳ በማጣሪያው አልሮጠም፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። አካሄዱ ለሁሉም የሚታይ ነበር፤ የቀደመ ገባ፣ የቀረ ቀረ። ማራቶኑ ከቶኪዮ ወደ ሳፖሮ ተዛውሮ በሙቀትና በወበቅ ሲካሄድ ግን ሦስቱም ወንዶች አቋረጡ። በሴቶቹ ሮዛ ደረጄ 4ኛ ወጣች። በደጋው የሰበታ አየር የተለካ ጉልበት ለሳፖሮ ወበቅ ዋስትና አልሆነም። ከኦሊምፒክ ሦስት ወር ሲቀረው 35 ኪሎ ሜትር በሙሉ ኃይል ማሮጥም የራሱ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ሰዓቱም፣ ውሳኔውም፣ ማጣሪያውም አንድ ጊዜ ያበላል፣ አንድ ጊዜ ያስርባል። ይህ ችግር የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካውያን በማጣሪያ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ ሰው በቀር አይወስዱም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1992 የዴካትሎን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ዳን ኦብራየን በማጣሪያው ምርኩዝ ዝላይ ላይ ወድቆ ከባርሴሎና ውድድር ውጭ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ወርቁን ወሰደ። ሕጉ ጨካኝ ነበር፤ ግን ማንም «ተበደልኩ» አላለም፣ ምክንያቱም ሕጉ ከውድድሩ በፊት ይታወቅ ነበር።

የመኪና ውድድር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በፎርሙላ ዋን አንድ ቡድን የሚያሰልፈው ሁለት ሹፌር ብቻ ነው። ስለዚህ ተጠባባቂ ሹፌር ማለት ለወጉ ስሙ የተጻፈ ሰው ሳይሆን በየውድድሩ ሜዳ የሚገኝ፣ መኪናውን የሚያውቅ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊጠራ እንደሚችል ተነግሮት የሚዘጋጅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የፌራሪው ካርሎስ ሳይንዝ ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ ትርፍ አንጀት ይዞት ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ የ18 ዓመቱ ኦሊቨር ቤርማን በአንድ ቀን ጥሪ ገብቶ 7ኛ ወጣ። ያ ሳይንዝ ራሱ በዚያን ጊዜ ለቀጣዩ ዓመት ቦታው ለሉዊስ ሃሚልተን መሰጠቱ የተነገረው ሰው ነበር። ቀዶ ሕክምናው በተደረገለት በ16ኛው ቀን አውስትራሊያ ላይ አሸነፈ። ቡድኑ ውሳኔውን አልቀየረም፤ ሳይንዝም ሥራውን አልተወም። ውሳኔው ቀድሞ ስለተነገረ ሁለቱም ወገን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ትርፍ አንጀት ሲነሣ አበበ ቢቂላን አለማስታወስ አይቻልም። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ከመሮጡ ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቷል። መራጮቹ አመኑት፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይም በእግር ጉዳት ላይ እያለ አሰለፉት። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ኢትዮጵያን ያዳናት ከጎኑ የነበረው ማሞ ወልዴ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። የመጀመሪያው እምነት ታላቅነት ሆነ፣ ሁለተኛው እምነት ውርርድ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ግን ቡድኑ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ አልቆመም ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ከሮም እስከ ፓሪስ ያለው ታሪክ የሚያሳየው የአመራረጥ መንገዱ ዓይነት ድልን እንደማይወስን ነው። የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ መመዘኛው ዓመት ቀድሞ በጽሑፍ ይታወቃል ወይ? ሁለተኛ፣ አራተኛውና አምስተኛው ሰው እንደ ተመራጭ ይዘጋጃል ወይ? ሦስተኛ፣ ውሳኔውን ማን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ለአትሌቱ ይነገረዋል ወይ? ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ያሸነፈው በራሱ ትጋት ልምምዱን ስላልተወ ነው። ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

ይህ ጉዳይ ታዋቂዎቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚሄድ ሰው ምዕራብ ዓባያን ያውቃታል። ብርብር ከተማ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሙዝ እርሻ፣ ወደ ምሥራቅ የዓባያ ሐይቅ፣ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የሚወጣው የጋሞ ደጋ። ከቆላው ተነሥቶ ጨንቻ ድረስ የሚወጣ ሯጭ ከ1,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ መሬት በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ መንደር የሚነሣ ወጣት ግን ማናጀር የለውም፣ ዱባይና ሮተርዳም የሚያስገባው ደብዳቤም የለውም። መመዘኛው «ውጭ አገር ያስመዘገብከው ሰዓት» ብቻ ከሆነ በሩ ሳይደርስ ተዘግቶበታል። መመዘኛው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ምን ለማሟላት እንደሚሮጥ እንኳ አያውቅም። ለስመ ጥሩ አትሌት ግልጽ ሕግ ክብሩን ይጠብቅለታል፤ ለብርብሩ ወጣት ግን ግልጽ ሕግ ያለው ብቸኛ ማናጀር ነው።

የጋሞ አባቶች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት አላቸው። ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው በዱቡሻ፣ በአደባባዩ ተሰብስበው ይመክራሉ። የሚናገረው በሰው ፊት ይናገራል፣ የሚቃወመውም በሰው ፊት ይቃወማል። ውሳኔው ሁሉን ላያስደስት ይችላል፤ ነገር ግን በጓዳ ተወሰነ የሚል አይኖርም። የተከፋም ሰው የተከፋበትን ምክንያት ያውቀዋል።

የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሚጀመረው በ2020 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። የቀረው ጊዜ ረጅም ይመስላል፤ ለማራቶን ሯጭ ግን በዓመት ሁለት ውድድር ቢቆጠር በጣት የሚያልቅ ነው። የዚያን ጊዜም ሦስት ሰው ይመረጣል፣ ሌሎች ደግሞ ይቀራሉ። ከተመረጡት አንዱ ሊታመም ይችላል፤ ጉዳት ቀጠሮ አያከብርም። አራተኛው ሰው በዚያ ቀን ስልኩ ሲጠራ ጫማውን አድርጎ ከልምምድ ላይ መገኘቱ ወይም ተስፋ ቆርጦ እርሻው ላይ መገኘቱ የሚወሰነው ግን በዚያ ቀን አይደለም። መመዘኛው ተጽፎ በሚለጠፍበት፣ ወይም ሳይለጠፍ በሚቀርበት ቀን ነው።